ኩባንያው ለልጄ ይከፍላል ወይ?

የትምህርት አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ለዚህ አምድ የሚደርሰው ደብዳቤ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላል። ይኸውም በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ማኅበረሰቦች ልጆች ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሰጡት የትምህርት ድጋፍ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን እነሆ ብለናል።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነች፤ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ትፈልጋለች። አማዞን አርባ ሺህ ዶላር ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ከየት እንጀምር?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እውነት ነው፣ እህታችን። ፕሮግራሙ አማዞን ፊውቸር ኢንጂነር ይባላል፤ በዓመት 10,000፣ በአራት ዓመት 40,000 ዶላር ይከፍላል። ገንዘቡ ትልቅ ነው። እኛ ግን ለልጅዎ ይበልጥ የምንመኝላት አብሮት የሚመጣውን ነው፦ የመጀመሪያው የኮሌጅ ዓመት እንዳለቀ በኩባንያው ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት የሰመር ኢንተርንሺፕ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በየሄደበት «ልምድ የለሽም» እየተባለ ይመለሳል። በዚያ ሰመር አንድ ቦታ የሠራ ልጅ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሲያመለክት የሚጽፈው ነገር አለው። ስለዚህ ሁለት ስኮላርሺፕ ቢቀርብላችሁ፣ ከኢንተርንሺፕ ጋር 5,000 የሚሰጠውን ባዶ 10,000 ከሚሰጠው አስቀድሙ ባዮች ነን።

የመጀመሪያው ሥራ ፋፍሳ ነው፤ ይህም የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበት የፌዴራል መንግሥት ቅጽ ነው። ኩባንያዎች የቤተሰብን አቅም የሚመዝኑት ብዙ ጊዜ ከዚህ ቅጽ በሚወጣው ኤስ ኤ አይ በተባለው፣ ቤተሰቡ ለዓመቱ ትምህርት ሊያዋጣ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ቁጥር ነው። ቅጹ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ልጅዎና እርስዎ ለየብቻ አካውንት ያስፈልጋችኋል፤ ከባለቤትዎ ጋር ታክስ የምታቀርቡት ለየብቻ ከሆነ ለእሳቸውም ሌላ አካውንት ይከፈታል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል። በእኛ ሰፈር በተደጋጋሚ የሚበላሸው ነገር ይህ ነው፦ ታክስ የሚሠራልን ሰው አስከፍሎ ይሞላና የራሱን ኢሜይልና ስልክ ያስገባል። በሚቀጥለው ዓመት የመግቢያ ኮዱ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ፋፍሳ ነጻ ነው። ኢሜይሉ የልጅቷ ይሁን፤ የሃይስኩል ኢሜይሏን ግን አትጠቀም፣ ከተመረቀች በኋላ ይዘጋልና።

ቀጥሎ ኮርሷን እዩ። አማዞን አመልካቹ ኤ ፒ ኮምፒውተር ሳይንስ (በሃይስኩል የሚሰጥ በኮሌጅ ደረጃ ያለ ኮርስ) ወይም ተመጣጣኝ ኮርስ መውሰዱን ይጠይቃል። በትምህርት ቤቷ ካልተሰጠ፣ በአካባቢው ኮሌጅ በድዩዋል ኢንሮልመንት (ሃይስኩል ሳይጨርሱ ኮሌጅ በመማር) መውሰድ ትችል እንደሆነ ካውንስለሯን አሁኑኑ ትጠይቅ። በፌብሩዋሪ ቢታወሳት ዋጋ የለውም።

የድጋፍ ደብዳቤውም ቀላል አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚዘጉት በጃንዋሪ ነው፤ መምህራኑ ደግሞ በዲሴምበር መጨረሻ ዕረፍት ወጥተዋል። ደብዳቤ የጎደለው ፋይል ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር አንባቢ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ኖቬምበር ሲገባ የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር መምህሯን ትጠይቅ፤ የሠራቻቸውን ሦስት አራት ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፋ ትስጣቸው። «ጎበዝና ትጉህ ተማሪ ነች» የሚለው ደብዳቤ ለሁሉም ስለሚጻፍ ማንንም አይለይም።

ከአማዞን ውጭም አለ። ማይክሮሶፍት አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች በዓመት 5,000፣ በድምሩ እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ስኮላርሺፕ አለው። ብዙ ኩባንያዎች ደግሞ ገንዘባቸውን በማኅበራት በኩል ነው የሚሰጡት፦ በ1950 በተቋቋመው የሴት መሐንዲሶች ማኅበር፣ በ1975 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተው የጥቁር መሐንዲሶች ብሔራዊ ማኅበር፣ ከ1944 ጀምሮ የጥቁር ኮሌጆችንና ተማሪዎችን በሚደግፈው ዩ ኤን ሲ ኤፍ። እነዚህ ጋ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል፤ አንዴ የተሞላ መረጃ ለብዙ ስኮላርሺፕ ሊያገለግል ይችላል። በከተማችሁ ያሉ የኢንጂነሪንግና የመብራት ኩባንያዎች የሚሰጡትን 1,000 እና 2,000 ዶላርም አትናቁ፤ የሚያመለክተው ሰው ጥቂት ነው። ማመልከቻ ለመቀበል ብር የሚጠይቅ፣ ወይም «ተመርጠሻል» ብሎ የባንክ ቁጥር የሚያስገባ ከመጣ ግን ዝጉትና ሂዱ።

እኔ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቄያለሁ፤ እዚህ የምሠራው ኡበር ነው። ልጄ «ፈርስት ጄኔሬሽን» የሚለውን ሳጥን ምልክት ቢያደርግ ውሸት ይሆናል? «ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን» የሚለውስ እኛን ይመለከታል?
አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁለተኛው ይቀላል፣ ወንድማችን። የፌዴራል መንግሥት የዘር መረጃ የሚሰበሰብበትን ደንብ በማርች 2024 ሲያሻሽል፣ በዚህ ክፍል ውስጥ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከጃማይካዊ፣ ከሃይቲያዊ፣ ከናይጄሪያዊና ከሶማሌ ጋር በስሙ ተጠቅሷል። ቡና ላይ የሚደረገው ክርክር ይቀጥል፤ ቅጹ ግን መልስ አግኝቷል።

የመጀመሪያው ግን ያስጠነቅቃል። በተለመደው ትርጉም ፈርስት ጄኔሬሽን የሚባለው ወላጆቹ የባችለር ዲግሪ ያላገኙ ተማሪ ነው። ዲግሪው ከየት አገር መሆን እንዳለበት ትርጉሙ አይናገርም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ አባትየው ዛሬ የሚሠሩት ሥራ አይሽረውም። አንዳንድ ፕሮግራሞች «በአሜሪካ ኮሌጅ ያልተማሩ ወላጆች» ብለው ያሰፋሉ፤ እንደዚያ ካለ ያድርግ። ካላለ ለፕሮግራሙ ኢሜይል ጽፎ መልሱን ያስቀምጥ። በፋፍሳም የወላጅ የትምህርት ደረጃ ስለሚጠየቅ፣ በአንዱ ቅጽ ባለዲግሪ፣ በሌላው ያልተማሩ ሆነው ከተገኙ ስኮላርሺፑ ከተሰጠ በኋላም ሊሰረዝ ይችላል። ሳጥኑ ባይመለከተውም፣ አባቱ በሒሳብ ተመርቀው መኪና መንዳታቸው በኤሴዩ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል ጉዳይ ነው።

ሕጉ ስለተቀየረ ለጥቁር ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ቀርቷል ይላሉ። ታዲያ ማመልከቱ ምን ያደርግልኛል?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዲሲ

አልቀረም፤ መልኩን ቀይሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ የሰጠው፣ በዘር መምረጥን የከለከለው ውሳኔ የሚመለከተው የኮሌጅ ቅበላን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሳሾች ከ1866 የመጣውን፣ በውል ላይ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብት ሕግ ይዘው ወደ ግል ድርጅቶች ዞሩ። በአትላንታ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች ድጎማ ይሰጥ የነበረው ፊርለስ ፈንድ በጁን 2024 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሸነፈና በዚያው ዓመት ፕሮግራሙን ዘጋ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የብዝኃነት ፕሮግራሞችን የሚቃወም፣ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸውን ኩባንያዎች የሚነካ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ። ብዙ ኩባንያዎች ከሰነዳቸው ላይ የዘር መስፈርትን አንስተው «ዝቅተኛ ገቢ»፣ «ፈርስት ጄኔሬሽን»፣ «ለሁሉም ክፍት» የሚሉ ቃላት ተክተዋል።

ላንተ ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። የአምናውን ገጽ ይዘህ ዘንድሮ አታመልክት፤ ገጹ ላይ «ጥቁር» የሚለው ቃል ስለጠፋም እኔን አይመለከትም ብለህ አትለፍ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እዚሁ ቅርባችን፣ ባልቲሞር አጠገብ የሚገኘው የዩ ኤም ቢ ሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) ሜየርሆፍ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ነው። በ1988 ሮበርትና ጄን ሜየርሆፍ በሰጡት ገንዘብ ሲቋቋም ለጥቁር ወንዶች ብቻ ነበር፤ በ1990 ሴቶችን ተቀበለ። በ1994 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለጥቁሮች ብቻ ይሰጥ የነበረውን ስኮላርሺፕ ከሻረ በኋላ፣ በ1996 ለሁሉም ተከፈተ። ቢከፈትም የጥቁር ሳይንቲስቶች መፍለቂያ መሆኑ አልቆመም፤ በሞደርና የኮቪድ ክትባት ጀርባ ባለው ምርምር ስሟ የሚነሳው ኪዝሚኪያ ኮርቤት የዚሁ ፕሮግራም ውጤት ነች።

ስለ ሜየርሆፍ ወላጆችህም ቢሰሙት ጥሩ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው በሳይንስና በኢንጂነሪንግ እስከ ፒ ኤች ዲ መሄድ የሚያስብ ተማሪ ነው። «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ብቻ ብሎ የሚቀርብ ልጅ፣ ማርኩ ምንም ያህል ቢያምር፣ የመጣበትን ቤት አልለየም። የምርምር ሐሳብ ይዘህ ቅረብ። ከተመረጥክ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ባለው ሰመር የሚሰጠው የመግቢያ ሥልጠና ግዴታ ስለሆነ፣ በዚያ ሰመር ሌላ ሥራ ወይም ወደ አገር ቤት ጉዞ አታቅድ።

ኤሴዩ ላይ ምን ልጻፍ? ሁሉም ሰው «ታሪክሽን ጻፊ» ይለኛል፤ ታሪኬ ደግሞ እንደ ሁሉም የስደተኛ ልጅ ታሪክ ነው።
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሲያትል

ልክ ነሽ፤ አንባቢው በአንድ ቀን ብዙ «ወላጆቼ ምንም ሳይኖራቸው መጡ» ያነባል። ታሪኩ ሐሰት ስለሆነ አይደለም የሚሰለቸው፤ ሳይንሱ ጋ ስለማይደርስ ነው። የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚፈልገው አንድ ችግር አይተሽ እጅሽን እንዴት እንዳስገባሽበት ነው።

ለምሳሌ እናቷ እንጀራ የምትሸጥ ልጅ እንዲህ ብትጽፍ፦ «ትእዛዙን በኤክሴል ልመዘግብ ሞከርኩ። አንድ ደንበኛ ፀሐይ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት አድርጋ ስለጻፈች ፕሮግራሙ ሦስት ሰው አድርጎ ቆጠራት። ስሙን ትቼ በስልክ ቁጥር እንዲለይ አደረግሁት፤ ከዚያ ደግሞ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሲያዙ ተምታታ።» እዚህ ውስጥ ስደትም፣ እናትም፣ ቋንቋም አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን የመሐንዲስ አእምሮ ይታያል። ሁለተኛው ሙከራ መበላሸቱን መጻፏ ራሱ ያስመርጣታል። የመጨረሻውን አንቀጽ ኩባንያውን ለማሞገስ አታውይው፤ በዚያ ገንዘብ የትኛውን ኮርስ፣ የትኛውን ላብራቶሪ እንደምትፈልጊ ጻፊበት።

ልጄ ከአንድ ኩባንያ 6,000 ዶላር አሸነፈ ብለን ደግሰን ነበር። በሳምንቱ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ የራሱን ግራንት በ6,000 ቀነሰው። ይህ ሕጋዊ ነው?
እናት፣ ከሮክቪል፣ ሜሪላንድ

በጣም ብዙ ቤተሰብ የሚገጥመው ነገር ነው፤ ብዙው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ሂሳቡን በምሳሌ እንየው።

የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 32,000፣ የእናንተ ኤስ ኤ አይ 4,000 ቢሆን፣ «ችግራችሁ» 28,000 ነው ይባላል። ኮሌጁ ይህን ሞልቶ ነበር እንበል፦ ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) 22,000፣ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው ብድር 3,500፣ ወርክ ስተዲ (ተማሪው እየሠራ የሚከፈለው) 2,500። አሁን 6,000 ከውጭ ሲመጣ ድምሩ 34,000 ይሆናል። የፌዴራሉ ደንብ ከችግሩ በላይ መስጠትን ስለሚከለክል 6,000 ከአንዱ ቦታ መነሳት አለበት። ከየት እንደሚነሳ በአብዛኛው የሚወስነው ኮሌጁ ነው። ደግ ኮሌጅ ብድሩንና ወርክ ስተዲውን ያነሳል፤ ልጁ ያለ ዕዳ ይማራል። ስስታም ኮሌጅ የራሱን ግራንት ይቀንሳል፤ ልጁ ዕዳው እንዳለ ይቀራል፣ ኩባንያው የከፈለው ለኮሌጁ ሆኖ ያርፋል ማለት ነው።

ሜሪላንድ ይህን በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ስቴት ነች። ከ2017 ጀምሮ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች የተማሪው ጠቅላላ ስጦታ (ብድርና ወርክ ስተዲ ሳይቆጠር የማይመለሰው ገንዘብ) ከችግሩ ካላለፈ በቀር፣ ወይም ስኮላርሺፑን የሰጠው አካል ካልፈቀደ በቀር፣ ኮሌጁ የራሱን ስጦታ መቀነስ አይችልም። ከላይ ባለው ምሳሌ ግራንቱና ስኮላርሺፑ ሲደመሩ 28,000 ነው፤ ከችግሩ አላለፈም፤ ስለዚህ ግራንቱ አይነካም። ሕጉ የግል ኮሌጆችን አይመለከትም። ልጅዎ የግል ኮሌጅ ውስጥ ከሆነ ያለው መንገድ መደራደር ነው።

ለቢሮው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቱ። በመጀመሪያ «ከግራንቱ በፊት ብድሩና ወርክ ስተዲው ይቀነስልኝ» በሉ። አይሆንም ካሉ በፋፍሳ ላይ ያልታየ ወጪ ካለ የዓመቱ ወጪ ግምት እንዲስተካከል ጠይቁ፤ ኮርሱ የግድ የሚጠይቀው ኮምፒውተር፣ ከኪስ የተከፈለ የሕክምና ወጪ የመሳሰለው ከነደረሰኙ ይቅረብ። ለኩባንያውም ጻፉ፦ ገንዘቡ ለሁለት ዓመት እንዲከፋፈል፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲቆይ። ሰጪዎቹ ኮሌጁን መርዳት ስለማይፈልጉ ብዙ ጊዜ ይተባበራሉ። ስኮላርሺፑን ከኮሌጁ መደበቅ ግን አይቻልም፤ መግለጽ ግዴታ ነው፣ ቼኩም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ኮሌጁ ነው።

ስኮላርሺፕ ታክስ አለው?
ከሎስ አንጀለስ

ለትምህርት ክፍያ፣ ለግዴታ ክፍያዎች፣ ኮርሱ ለሚጠይቃቸው መጻሕፍትና ዕቃዎች ከዋለ ዲግሪ ለሚማር ተማሪ የለውም። ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን ገቢ ነው። ኮሌጁ በየጃንዋሪው በሚልከው 1098-ቲ በተባለው ቅጽ ላይ ሳጥን 5 (ስኮላርሺፑ) ከሳጥን 1 (ከትምህርት ክፍያው) ከበለጠ ልዩነቱን አስሉ፤ የመጽሐፍ ደረሰኞችን አስቀምጡ፣ ሳጥን 1 ውስጥ ላይካተቱ ይችላሉና። የኢንተርንሺፕ ክፍያ ግን ደመወዝ ነው፤ እንደ ማንኛውም ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል።

ጥገኝነት ጠይቀን ገና አልተወሰነልንም። ልጄ ወርክ ፐርሚት አላት። የኩባንያ ስኮላርሺፕ ማመልከት ትችላለች?
ስሜ ይቆይ፣ ከኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ

አንዳንዱን ትችላለች። ፋፍሳ ከዜግነት ወይም ከግሪን ካርድ ሌላ ጥገኝነቱ የተፈቀደለትን ወይም በስደተኝነት የገባን ሰው ይቀበላል፤ በመጠባበቅ ላይ ያለን አይቀበልም። ኩባንያዎች ግን የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ገጹ ላይ «ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ» ካለ አይሆንም። «በአሜሪካ ለመሥራት የተፈቀደለት» ብቻ ካለ የልጅዎ ወርክ ፐርሚት ይበቃል፤ ካርዱ ግን ኢንተርንሺፑ እስኪያልቅ የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ስለዚህ እድሳቱን በተቻለ መጠን አስቀድሙት። ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ተማሪዎች ሜሪላንድ የራሷ የስቴት ቅጽ አላት፤ ቨርጂኒያም እንዲሁ። የቤተሰቡን ገቢ ማስረጃ የሚፈልግ ስኮላርሺፕ ከሆነ በፋፍሳ ፈንታ የታክስ ወረቀት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

የስም ነገርም አለ፤ ይህ ግሪን ካርድ ላለውም ይሆናል። በእኛ የስም አሰጣጥ ልጅና አባት «ላስት ኔም» አይጋሩም፤ በፓስፖርትና በቪዛ ሂደት ደግሞ ስም ይዘባረቃል። በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ በትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕትና በማመልከቻው ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ ማመሳከሪያው ይጥለዋል። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የትምህርት ቤቱ ለመታረም በጣም የቀለለው ነው።

ስኮላርሺፔን ለማቆየት ጂፒኤ 3.0 ያስፈልገኛል። ካልኩለስ ሁለት ሊጥለኝ ነው። ላቋርጠው?
የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ከዳላስ

ከማቋረጥህ በፊት ክሬዲትህን ቁጠር። 12 ክሬዲት ይዘህ አራት ክሬዲት ያለውን ኮርስ ካቋረጥክ 8 ይቀርሃል፤ ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንህ ያበቃል፣ ስኮላርሺፑም በጂፒኤ ሳይሆን በዚያ ይሄዳል። 16 ይዘህ ከነበረ ታልፋለህ። ለወደፊቱ በየሴሚስተሩ 15 ወይም 16 መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አንዱን ለመጣል ቦታ ይኖርሃል። ለፕሮግራሙ ኃላፊ ደግሞ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ጻፍ፤ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ሴሚስተር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ቀድሞ ለተናገረ ይቀላል። ሜጀር ለመቀየር ካሰብክም አስቀድመህ ጠይቅ፦ ከኮምፒውተር ሳይንስ ወደ ቢዝነስ የሄደ ተማሪ ገንዘቡን ያጣል፤ ወደ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ የሄደ አብዛኛውን ጊዜ አያጣም።

በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከአገር ቤት ተመርቄ በዲቪ መጣሁ። አሁን የአማዞን መጋዘን ውስጥ ነኝ። የ34 ዓመት ሰው የሚረዳ ኩባንያ አለ?
ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ

አንዱ የምትሠሩበት ነው። አማዞን ከ2012 ጀምሮ ካሪየር ቾይስ የተባለ ፕሮግራም አለው፤ በሰዓት የሚከፈላቸው ሠራተኞች 90 ቀን ከሠሩ በኋላ ሊገቡበት ይችላሉ። ክፍያው አስቀድሞ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ስለሚሄድ ከኪስ ከፍሎ መጠበቅ የለም። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ የለውም። ትምህርት ቤቱ ግን በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆን አለበት፤ ከመመዝገብ በፊት ይረጋገጥ።

ለማስተርስ ካሰቡ ደግሞ በ1976 የተቋቋመው ጌም ኮንሶርቲየም የተባለ የኩባንያዎችና የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት አለ። ኩባንያው ኢንተርንሺፕና ድጎማ ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን ይጠበቃል፤ ዲቪ ግሪን ካርድ ነውና እዚያ ላይ ችግር የለም። ማመልከቻው የሚዘጋው በመጸው ነው፤ ከጌም ማመልከቻ ጎን ለጎን ለአባል ዩኒቨርሲቲዎችም ራሱን የቻለ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። የሚያዘገየው የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ነው። ግምገማውን የሚሠሩት ድርጅቶች ዩኒቨርሲቲው ራሱ የላከውን እንጂ በእጅ የያዙትን ኮፒ አይቀበሉም፤ እዚያ በውክልና የሚከታተል ዘመድ ካለ በሰመር መጀመሪያ ይላኩት። ግምገማው ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረው ዓይነት ይሁን፤ ርካሹ ጂፒኤ አያወጣም።

በኬሚስትሪ ፒ ኤች ዲ እየሠራሁ ነው። እዚህ አገር ውስጥ ላለን ሴቶችስ ምን አለ?
ከባሕር ዳር

ሎሬያልና ዩኔስኮ ከ1998 ጀምሮ ሴት ሳይንቲስቶችን የሚደግፉበት ፕሮግራም አለ፤ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ወጣት ተመራማሪዎች የተለየ ዘርፍ አለው። ለፒ ኤች ዲ ተማሪ 10,000፣ ከፒ ኤች ዲ በኋላ ምርምር ለምትሠራ 15,000 ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። የፍኖተ ሰላሟ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ2014 የዚሁ ፕሮግራም ዋናው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸላሚ ነበሩ።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፦ ሲቪ፣ የዲግሪ ኮፒዎች፣ የምርምሩ መግለጫ፣ የኅትመት ዝርዝርና የድጋፍ ደብዳቤ። ገምጋሚዎቹ ከተለያየ መስክ ስለሚመጡ መግለጫው ለኬሚስት ብቻ አይጻፍ፤ ውኃ የሚያጠራ ነገር እየሠራሽ ከሆነ የየትኛው ሐይቅ ወይም ወንዝ ውኃ፣ ከምን እንደሚያጠራ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ። በበጀቱም «የላብራቶሪ ዕቃ» ብለሽ አትለፊው። ኬሚካሉን በስሙ፣ መጠኑንና ዋጋውን ጻፊ፤ ናሙናው ለምርመራ ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ የእያንዳንዱን ናሙና ሂሳብ፣ ኬሚካሉ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ለመድረስ የሚፈጅበትን ወራት በጊዜ ሰሌዳው ላይ አስገቢው።